እስከ ህዋ ጠርዝ የሚደረጉ የምርምር በረራዎች፦ ፍላጎቱ፣ ገበያውና ከፋዩ

ብሉ ኦሪጂን የተሰኘው የአሜሪካ የጠፈር በረራ ኩባንያ ኒው ሼፐርድ በተባለው ሮኬቱ ሲሰጥ የቆየውን አገልግሎት ቢያንስ ለሁለት ዓመታት እንደሚያቋርጥ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2026 መጨረሻ አስታውቋል። ኩባንያው ለእርምጃው የሰጠው ምክንያት አቅሙን ሰዎችን ወደ ጨረቃ ለማድረስ በያዘው ሥራ ላይ ለማዋል መወሰኑ ነው። በዘርፉ የቅርብ ተፎካካሪው የነበረው ቨርጂን ጋላክቲክም ዩኒቲ የተባለችውን መንኮራኩሩን እ.ኤ.አ በጁን 2024 ከአገልግሎት አሰናብቶ፣ በምትኳ ዴልታ የሚል ስያሜ የሰጣቸውን አዳዲስ መንኮራኩሮች ወደ መገንባት ፊቱን አዙሯል። በዚህም ሳቢያ ሰውንና የምርምር መሣሪያን አንድ ላይ ይዘው ለጥቂት ደቂቃዎች ወደ ህዋ ጠርዝ ይወጡ የነበሩት ሁለቱም የንግድ በረራዎች በ2026 መጀመሪያ ላይ ቆመው ታይተዋል።

ውሳኔዎቹ ከ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት አንስቶ ብዙ ሲነገርለት የቆየው የምርምር በረራ ገበያ ምን ያህል ጽኑ መሠረት ነበረው የሚለውን ጥያቄ እንደገና አንስተዋል። የዘርፉ ታሪክ እንደሚያሳየው የሳይንስ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ለዚህ ፍላጎት የሚከፍለው ግን በአብዛኛው የመንግሥት ካዝና ሲሆን፣ በረራዎቹ ሕልውናቸውን የመሠረቱት በሌላ ደንበኛ፣ ማለትም ለጉብኝት በሚከፍለው ባለጸጋና በኩባንያዎቹ ባለቤቶች ውሳኔ ላይ ነበር።

የበረራው ምንነት

ንዑስ ምህዋራዊ በረራ ማለት አንድ ሮኬት ወይም መንኮራኩር ህዋ እስከሚጀምርበት ከፍታ ደርሶ፣ ነገር ግን መሬትን መዞር ሳይጀምር ተመልሶ የሚወርድበት የበረራ ዓይነት ነው። አንድ ሳተላይት ዝቅተኛ በሚባለው ምህዋር ላይ ጸንቶ መሬትን ለመዞር በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ያስፈልገዋል። 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደርሶ ለመመለስ ግን የዚህ ፍጥነት አንድ አምስተኛ እንኳ አያስፈልግም። አስፈላጊው ጉልበት ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ የሚያድግ በመሆኑ፣ በሁለቱ የበረራ ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት በነዳጅ፣ በሮኬቱ መጠንና በወጪ ሲሰላ እጅግ ሰፊ ይሆናል።

የበረራው አካሄድ ወደ ላይ ከተወረወረ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል። የሮኬቱ ሞተር ከጠፋበት ጊዜ አንስቶ ጥቅጥቅ ወዳለው የከባቢ አየር ክፍል ተመልሶ እስኪገባ ድረስ በውስጡ ያለው ሰውም ሆነ ዕቃ ክብደት አልባ ሆኖ ይቆያል። በኒው ሼፐርድና በዩኒቲ በረራዎች ይህ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ገደማ ነበር።

ህዋ ከየት ይጀምራል በሚለው ጉዳይ ላይ ሙሉ ስምምነት የለም። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ካርማን የሚባለውን የ100 ኪሎ ሜትር ወሰን ሲከተል፣ የአሜሪካ መንግሥት ተቋማት ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ወሰን ይጠቀማሉ። የኒው ሼፐርድ በረራዎች የመጀመሪያውን፣ የዩኒቲ በረራዎች ደግሞ ሁለተኛውን ወሰን ያለፉ ነበሩ።

ለሳይንስ ያለው ጠቀሜታ

ተመራማሪዎች እነዚህን አጫጭር በረራዎች የሚፈልጓቸው በዋናነት በሦስት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው የክብደት አልባነት ጊዜ ነው። በጀርመን ብሬመን ከተማ በሚገኘው የምርምር ማማ ውስጥ ከላይ የሚለቀቅ መሣሪያ ክብደት አልባ ሆኖ የሚቆየው ለ4.74 ሰከንድ ሲሆን፣ ከታች ወደ ላይ ተወርውሮ ሲመለስ ደግሞ ጊዜው ወደ 9 ሰከንድ ከፍ ይላል። ለዚሁ ዓላማ በተዘጋጁና ከፍ ዝቅ እያሉ በሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ በእያንዳንዱ ዙር 22 ሰከንድ ገደማ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወራትን የሚወስድ ሙከራ ለማካሄድ ቢያስችልም፣ ወደዚያ መሣሪያ ለመላክ የረጅም ጊዜ ዝግጅትና ጥብቅ የደህንነት ፍተሻ ያስፈልጋል። ንዑስ ምህዋራዊ በረራ በሰከንዶችና በወራት መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት ይሞላል። የነበልባልና የፈሳሽ ባህርይ፣ የሮኬት ነዳጅ በታንክ ውስጥ የሚያሳየው እንቅስቃሴ እንዲሁም ዕፅዋት ስበት ሲለወጥባቸው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰጡት ምላሽ በዚህ መንገድ ከሚጠኑት ጉዳዮች መካከል ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የከፍታው ልዩ ሁኔታ ነው። ከመሬት በላይ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያለው የከባቢ አየር ክፍል ለምርምር ፊኛዎች እጅግ ከፍተኛ፣ ለሳተላይቶች ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ፊኛው ከዚያ አይደርስም፤ ሳተላይቱም በዚያ ከፍታ በአየሩ ግጭት ወዲያው ይወድቃል። በመሆኑም ይህን የአየር ክፍል በቀጥታ ለመለካት ያለው መንገድ በሮኬት አቋርጦ ማለፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያ ፍተሻ ነው። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራ መሣሪያ ምህዋር ላይ ወጥቶ አልሠራም ከሚል አስቀድሞ በአጭር በረራ ቢሞከር ጉድለቱ በጊዜ ይታወቃል። መሣሪያው ተመልሶ ስለሚወርድም ተስተካክሎ ዳግም መብረር ይችላል። የአሜሪካ የጠፈር አስተዳደር ናሳ ፀሐይን በሚያጠናው ሳተላይቱ ላይ ያለው የጨረር መለኪያ በጊዜ ብዛት የሚያሳየውን መዛነፍ ለማረም፣ ተመሳሳይ መሣሪያ በምርምር ሮኬት እየላከ የሁለቱን ንባብ ሲያመሳክር ቆይቷል።

ከ1946 አንስቶ

የአጭር በረራ ምርምር የግል ኩባንያዎች የፈጠሩት ሥራ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ከጀርመን የማረከቻቸውን ቪ-2 ሮኬቶች በኒው ሜክሲኮ ግዛት ከሚገኘው የዋይት ሳንድስ ሜዳ ስታስወነጭፍ የጦር መሣሪያ ይጫንበት በነበረው ክፍል ውስጥ የሳይንስ መሣሪያዎች ተተክተው ነበር። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 1946 ከእነዚህ ሮኬቶች አንዱ መሬትን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ አንስቷል። በዚያው ወር ከባቢ አየር ወደ መሬት እንዳይደርስ የሚያግደው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም በሌላ ሮኬት ተለክቷል።

የአጭር በረራን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያሳየው እ.ኤ.አ በጁን 1962 ከዚያው ሥፍራ የተወነጨፈው ኤሮቢ የተባለ ሮኬት ነው። በሪካርዶ ጃኮኒ የተመራው ቡድን መሣሪያውን የላከው ከጨረቃ የሚመጣ ኤክስ ሬይ መኖሩን ለመፈተሽ ነበር። ሮኬቱ በህዋ ባሳለፋቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ግን ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የሚመነጭ ኃይለኛ ኤክስ ሬይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። ግኝቱ አዲስ የሥነ ፈለክ ዘርፍ የከፈተ ሲሆን፣ ጃኮኒም እ.ኤ.አ በ2002 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ከዚያ ወዲህ የምርምር ሮኬት የመንግሥታት መደበኛ ሥራ ሆኖ ቀጥሏል። ናሳ በቨርጂኒያ ግዛት ከሚገኘው የዋሎፕስ ማዕከሉ በሚመራው ፕሮግራም በዓመት በአማካይ 20 ያህል የምርምር ሮኬቶችን በተለያዩ ሥፍራዎች ያስወነጭፋል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ በ1962 ሥራ የጀመረው የኖርዌይ አንዶያና እ.ኤ.አ በ1966 የተከፈተው የስዊድን ኤስሬንጅ ጣቢያዎች በዋነኛነት ይጠቀሳሉ። ቴክሰስ የተሰኘው የጀርመን ፕሮግራም እ.ኤ.አ ከ1977 ጀምሮ ከኤስሬንጅ በሚወነጨፉ ሮኬቶች በእያንዳንዱ በረራ 6 ደቂቃ ገደማ የሚቆይ ክብደት አልባነት ለተመራማሪዎች ሲያቀርብ ቆይቷል። ይህ ጊዜ የግል ኩባንያዎቹ ካቀረቡት ወደ እጥፍ የሚጠጋ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የግል ኩባንያዎች መምጣት

የምርምር ሮኬት ዋነኛ ጉድለት ሞተሩ አንዴ ተወንጭፎ የሚቀር መሆኑና ተመራማሪውን ይዞ አለመውጣቱ ነው። የግል ኩባንያዎች ያቀረቡት ሐሳብ ይህን የሚለውጥ ነበር። ያው መንኮራኩር ደጋግሞ ከበረረ ዋጋው ይቀንሳል፣ ወረፋው ያጥራል፣ ተመራማሪውም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ወጥቶ በእጁ ይሠራል የሚል ነው።

ሐሳቡ የሚቻል መሆኑ የታየው እ.ኤ.አ በ2004 ነው። በበርት ሩታን ኩባንያ ተሠርታ በፖል አለን ገንዘብ የተደገፈችው ስፔስሺፕዋን የተባለች መንኮራኩር በጁን ወር በግል ገንዘብ ሰው ይዛ ወደ ህዋ በመውጣት የመጀመሪያዋ ሆነች። በሴፕቴምበር 29 እና በኦክቶበር 4 ደግሞ በተከታታይ 100 ኪሎ ሜትርን በማለፍ ለዚሁ የተዘጋጀውን የ10 ሚሊዮን ዶላር የአንሳሪ ኤክስ ሽልማት አሸነፈች። እንግሊዛዊው ባለሀብት ሪቻርድ ብራንሰን በዚያው ዓመት ቨርጂን ጋላክቲክን መሥርተው ቴክኖሎጂውን ለንግድ ለማዋል ተነሡ። ብሉ ኦሪጂን፣ ኤክስኮርና አርማዲሎን የመሳሰሉ ኩባንያዎችም በየፊናቸው የራሳቸውን መንኮራኩሮች መሥራት ቀጠሉ።

ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ ተደራጅተው የመከሩት እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2010 በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያ ጉባዔያቸው ነው። በዚያ መድረክ የናሳ ባለሥልጣናት ተመራማሪዎች በንግድ መንኮራኩሮች ላይ ቦታ እንዲገዙ ለማስቻል በ5 ዓመታት 75 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ መታቀዱን ይፋ አድርገዋል። ፕሮግራሙ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍላይት ኦፖርቹኒቲስ በተባለው የናሳ ፕሮግራም ውስጥ እንዲጠቃለል ተደርጓል።

የገበያ ጥናቶቹ የተነበዩት

የዘርፉን ገበያ በተመለከተ ሁለት ጥናቶች በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። ፉትሮን የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2002 ባወጣው ጥናት በ2021 በዓመት እስከ 15 ሺህ መንገደኞች ወደ ህዋ ጠርዝ እንደሚጓዙና ዓመታዊ ገቢውም ከ700 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ተንብዮ ነበር። በተባለው ዓመት ከአብራሪዎች ውጭ በዚህ ዓይነት በረራ የተጓዙት ሰዎች ቁጥር ግን 20 እንኳ አልሞላም።

ሁለተኛው ጥናት በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርና በፍሎሪዳ ግዛት የጠፈር ልማት ተቋም ጠያቂነት በታውሪ ግሩፕ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ በ2012 የወጣው ነው። ጥናቱ ከመጀመሪያው ይልቅ ጥንቃቄ የተመላበት ሲሆን፣ የ10 ዓመቱን ጠቅላላ ገቢ በሦስት ግምቶች ከፍሎ አቅርቦታል። በመካከለኛው ግምት 600 ሚሊዮን ዶላር፣ ነገሮች ከተመቻቹ 1.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ሁኔታው ካልተመቸ ደግሞ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚሆን አመልክቷል።

በዚህ ጥናት ውስጥ ከጠቅላላው አኃዝ ይልቅ ክፍፍሉ ብዙ ይናገራል። በመካከለኛው ግምት ከተገመተው ፍላጎት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ለጉብኝት የሚከፍሉ ግለሰቦች ሲሆኑ፣ በሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚገኘው የመሠረታዊና ተግባራዊ ምርምር ድርሻ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ለምርምሩ ድርሻም ዋነኞቹ ከፋዮች የመንግሥት ተቋማት መሆናቸው በጥናቱ ተገልጿል። ይህም ማለት ሳይንሱ ከመጀመሪያው አንስቶ በቱሪስቱ መንኮራኩር ላይ ተሳፍሮ የሚሄድ ተጓዥ እንጂ መንኮራኩሩን በራሱ ገንዘብ ማቆም የሚችል ደንበኛ እንዳልነበረ ያመለክታል።

የ12 ዓመታት ጥበቃ

ፍላጎቱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። መቀመጫውን በቴክሳስ ያደረገው ሳውዝዌስት ሪሰርች ኢንስቲትዩት የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2011 ለሳይንቲስቶቹ ከቨርጂን ጋላክቲክና ከኤክስኮር መቀመጫዎችን መግዛቱን አስታውቋል። በወቅቱ የቨርጂን ጋላክቲክ የአንድ ሰው ዋጋ 200 ሺህ ዶላር፣ የኤክስኮር ደግሞ 95 ሺህ ዶላር ነበር። ውሉ ሲፈረም በረራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚጀመር ይጠበቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። አርማዲሎ እ.ኤ.አ በ2013 ሥራውን አቆመ። የቨርጂን ጋላክቲክ የመጀመሪያዋ መንኮራኩር እ.ኤ.አ ኦክቶበር 31 ቀን 2014 በሙከራ በረራ ላይ ተሰባብራ ረዳት አብራሪው ሕይወቱን አጣ። ኤክስኮር አንድም ጊዜ ወደ ህዋ ሳይበርር እ.ኤ.አ በ2017 ለኪሳራ አመለከተ። የቀሩት ሁለቱ ኩባንያዎች መሣሪያ ወደ መጫን ቢደርሱም፣ ሰው ወደ ማሳፈር የተሸጋገሩት እ.ኤ.አ በ2021 ነው። ቨርጂን ጋላክቲክ በዚያው ዓመት ለምርምር ተጓዦች ያወጣው ዋጋ በአንድ መቀመጫ 600 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ይህም ከ10 ዓመት በፊት ከነበረው በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ዋጋው ይቀንሳል የተባለው ተስፋ በተቃራኒው መሄዱን አኃዙ ያሳያል።

የኢንስቲትዩቱ ሳይንቲስት አለን ስተርን መቀመጫው ከተገዛ ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 2 ቀን 2023 በዩኒቲ ተሳፍረው ወጥተዋል። ስተርን ፕሉቶን በቅርብ ያጠናችው የኒው ሆራይዘንስ መንኮራኩር ዋና ተመራማሪ በመሆናቸው ይታወቃሉ።

የተገኘው የሳይንስ ውጤት

አጭር ሆኖ በቀረው የሥራ ዘመን ውስጥ የተከናወነው ምርምር ግን ቀላል የሚባል አይደለም። የቨርጂን ጋላክቲክ የመጀመሪያው የንግድ በረራ እ.ኤ.አ ጁን 29 ቀን 2023 የተካሄደው በጣሊያን አየር ኃይልና በአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ደንበኝነት ሲሆን፣ 13 ያህል ሙከራዎችን ያካተተ ነበር። ዩኒቲ አገልግሎቷን እስካበቃችበት ጊዜ ድረስ 7 የንግድ በረራዎችን አድርጋለች።

በኒው ሼፐርድ በኩል እ.ኤ.አ በኦገስት 2024 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮብ ፈርል በናሳ የገንዘብ ድጋፍ ከሙከራቸው ጋር አብረው ተጉዘዋል። ፈርል በበረራው የተለያዩ ደረጃዎች ላይ ትናንሽ ዕፅዋትን በያዙ ቱቦዎች ውስጥ ማቆያ ፈሳሽ በመልቀቅ፣ ተክሉ ከስበት ወደ ክብደት አልባነት ሲሸጋገር በዘረመሉ ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ በየደረጃው ለመመዝገብ ችለዋል። እንዲህ ያለውን የሽግግር ቅጽበት በጠፈር ጣቢያ ማጥናት አስቸጋሪ ነው። ወደዚያ የሚላክ ተክል ሽግግሩን የሚያልፈው ተመራማሪው ሊነካው በማይችልበት ሰዓት ነውና።

እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ሰው ያልያዘው የሮኬቱ ካፕሱል በደቂቃ 11 ጊዜ ገደማ እንዲሽከረከር በማድረግ የጨረቃን ስበት የሚመስል ሁኔታ ለሁለት ደቂቃ ያህል መፍጠር ተችሏል። በበረራው ላይ የነበሩት 30 ሙከራዎች በአብዛኛው ጨረቃ ላይ ለሚሠሩ መሣሪያዎች የታለሙ ነበሩ። በጨረቃ ስበት ሥር ከሰከንዶች የበለጠ ጊዜ ለመሥራት ከዚያ በፊት የነበረው አማራጭ እጅግ ጠባብ ነበር።

ጉዞው እንቅፋት አልባ አልነበረም። እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2022 የ36 ሙከራዎች መሣሪያ ጭኖ ሰው ሳይዝ የተነሣው ኒው ሼፐርድ በሞተሩ ጉድለት ምክንያት ሲከሽፍ፣ ካፕሱሉ በአደጋ ጊዜ ማምለጫው አማካይነት በሰላም አርፏል። ሮኬቱ ወደ በረራ የተመለሰው ከ15 ወራት በኋላ ነበር። ኩባንያው አገልግሎቱን ማቋረጡን ባስታወቀበት መግለጫ እስከዚያ ጊዜ 38 በረራዎች መደረጋቸውን፣ 98 ሰዎች የካርማን መስመርን ማለፋቸውንና ከ200 በላይ የምርምር መሣሪያዎች መጫናቸውን ገልጿል።

ከፋዩ ማን ነው?

የምርምር ገበያው እንደታሰበው ያልሰፋባቸው ምክንያቶች በርካታ ናቸው። አንደኛው የገንዘቡ ምንጭ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለበረራ የሚሆነውን ገንዘብ ከኪሱ አያወጣም። ለናሳ ወይም ለሌላ የመንግሥት ተቋም ሐሳቡን ያቀርባል፣ ይወዳደራል፣ ካሸነፈ በተመደበለት በጀት ቦታ ይገዛል። ስለሆነም የሻጮቹ ቁጥር ቢበዛም ገዢው በአብዛኛው አንድ ነው። የገበያው መጠንም የሚወሰነው በተመራማሪዎች ብዛት ሳይሆን በየዓመቱ በሚጸድቀው በጀት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፉክክር ነው። ኩባንያዎቹ በሚዘጋጁባቸው ዓመታት ውስጥ ትናንሽ ሳተላይቶች ረክሰዋል። እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2021 ስፔስኤክስ በአንድ ሮኬት 143 ሳተላይቶችን ለተለያዩ ደንበኞች ወደ ምህዋር ሲያደርስ፣ ለአራት ደቂቃ ይከፍል የነበረ ተመራማሪ ወራትን የሚያስገኝ ሌላ አማራጭ አገኘ። የመንግሥታት የምርምር ሮኬቶችም ሥራቸውን አላቋረጡም። እነዚህ ሮኬቶች ለተመራማሪው የሚመች ቦታ፣ ሰዓትና አቅጣጫ ተመርጦላቸው ይወነጨፋሉ። የሰሜን ዋልታ የብርሃን ክስተትን የሚያጠና ቡድን ክስተቱ እስኪታይ ጠብቆ ማስወንጨፍ ሲኖርበት፣ የንግድ መንኮራኩር ግን የሚነሣው ከአንድ ሥፍራና ተሳፋሪዎቹ በተያዘላቸው ቀን ነው።

ሦስተኛው፣ ወጪውን የሚሸፍነው ሌላ ወገን በሆነበት ሁኔታ ቅድሚያውን የሚወስንም ያው ወገን መሆኑ ነው። ኒው ሼፐርድ የቆመው ሳይንቲስቶች ጠፍተው ሳይሆን የኩባንያው ትኩረት ወደ ጨረቃ በመዞሩ ነው። ተመራማሪዎች በውሳኔው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም።

የመንግሥት ድርሻ

ዘርፉ የግል ይባል እንጂ የሕዝብ ገንዘብ ያልገባበት የሥራ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። የኒው ሜክሲኮ ግዛት ስፔስፖርት አሜሪካ የተባለውን የጠፈር በረራ ጣቢያ ለመገንባት ከግዛቱ በጀትና በሁለት የአካባቢ አስተዳደሮች ከተጣለ የሽያጭ ግብር የተሰበሰበ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ዋነኛው ተከራይ ቨርጂን ጋላክቲክ የ20 ዓመት የኪራይ ውል የፈረመው እ.ኤ.አ በ2008 መጨረሻ ሲሆን፣ የንግድ በረራ የጀመረው ግን ከ14 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ይህም በአንድ ደንበኛ ላይ ተመሥርቶ የሚገነባ የመሠረተ ልማት አውታር የደንበኛውን መዘግየት አብሮ የሚሸከም መሆኑን ያስረዳል።

በሕግ ረገድ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2004 ባወጣው አዋጅ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለበረራዎቹ ፈቃድ እንዲሰጥና መሬት ላይ ያለውን ሕዝብ ደህንነት እንዲጠብቅ ሥልጣን ሰጥቷል። ሆኖም ተሳፋሪዎችን የሚመለከት ዝርዝር የደህንነት ደንብ እንዳያወጣ ለተወሰነ ጊዜ አግዶታል። ተሳፋሪው አደጋውን ተረድቶ በፊርማው ተስማምቶ ይሳፈራል። ዕገዳው በተደጋጋሚ የተራዘመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2024 በወጣው ሕግ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2028 እንዲቆይ ተወስኗል። ጉብኝት በራሱ ፈቃድ የሚወጣ ሰውና በመሥሪያ ቤቱ ታዝዞ የሚወጣ የመንግሥት ተመራማሪ በዚህ ረገድ በአንድ ዓይን ሊታዩ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ናሳ የራሱን ሠራተኞች በእነዚህ መንኮራኩሮች ከማሳፈሩ በፊት ለዓመታት ሲያጤነው የቆየ ጉዳይ ነው።

ምድር ወገብና አጭር በረራ

ንዑስ ምህዋራዊ ምርምር የበለጸጉ አገሮች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቆየም። በደቡብ ሕንድ የምትገኘው ቱምባ የተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ለምርምር ሮኬት ጣቢያነት የተመረጠችው መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአቅራቢያዋ ስለሚያልፍ ነበር። በዚህ መስመር ላይ፣ ከመሬት በላይ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚጎርፍ ብርቱ የኤሌክትሪክ ሞገድ አለ። ይህም በፊኛና በሳተላይት የማይደረስበት ከፍታ በመሆኑ በቀጥታ የሚለካው በምርምር ሮኬት ነው።

ከቱምባ የመጀመሪያው ሮኬት የተወነጨፈው እ.ኤ.አ ኖቬምበር 21 ቀን 1963 ሲሆን፣ ሮኬቱ ከአሜሪካ የመጣ ነበር። የጣቢያው የመጀመሪያ ቢሮ በአካባቢው የነበረ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ነበር። ሕንድ በዚያ ትንሽ ጣቢያ ያሠለጠነቻቸው መሐንዲሶች የአገሪቱን የጠፈር ፕሮግራም መሠረት የጣሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1980 በራሷ ሮኬት ሳተላይት ወደ ምህዋር ለማድረስ በቅታለች።

በምሥራቅ አፍሪካ ጣሊያን በኬንያ ማሊንዲ አቅራቢያ በባሕር ላይ ያቆመችው የሳን ማርኮ ጣቢያ እ.ኤ.አ በ1964 በምርምር ሮኬቶች ሥራ ጀምሯል። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 12 ቀን 1970 በኬንያ የነጻነት ቀን ከዚሁ ሥፍራ የተላከችው ኡሁሩ የተባለች ሳተላይት ኤክስ ሬይን ለማጥናት ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስትሆን፣ ያዘጋጃትም እ.ኤ.አ በ1962 በኤሮቢ ሮኬት የመጀመሪያውን ግኝት ያስመዘገበው የጃኮኒ ቡድን ነው። የጥቂት ደቂቃ በረራ የከፈተው ጥያቄ በዚህ መንገድ ከስምንት ዓመታት በኋላ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወደ ምህዋር ወጥቷል።

መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ኢትዮጵያንም አቋርጦ ያልፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በታወጀበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ በ1957 ሲሆን፣ ጣቢያው የሚመዘግበው የመግነጢስ ለውጥ ይህንኑ የከፍታ ሞገድ ለማጥናት ሲያገለግል ቆይቷል። ሞገዱ የሚገኝበት የአየር ክፍል የሬዲዮ ግንኙነትንና የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ምልክቶችን የሚነካ በመሆኑ ጉዳዩ ለአቪዬሽን፣ ለቴሌኮሙኒኬሽንና ለካርታ ሥራ ጭምር ጠቃሚ ነው። በመሬት ላይ ያለው መሣሪያ ሞገዱን ከታች ሆኖ ያለማቋረጥ ሲመዘግብ ሮኬት ደግሞ በመካከሉ አልፎ በቦታው ይለካዋል፤ ሁለቱ የሚደጋገፉ ናቸው።

ከልምዱ የሚወሰደው

የዘርፉ የ20 ዓመታት ጉዞ ሲጠቃለል የምርምር ፍላጎቱ አልተጋነነም ማለት ይቻላል። የተጋነነው ፍላጎቱ ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ገበያ ይሆናል የሚለው ግምት ነው። ተመራማሪዎች ዕድሉን ባገኙ ጊዜ ተጠቅመውበታል፤ በሌላ መንገድ በቀላሉ የማይገኝ ውጤትም አስመዝግበዋል። አቅራቢዎቹ ግን ከሁለት አልበለጡም፤ የሁለቱም ዋና ሥራ ሌላ ነበር።

በአንጻሩ በዋሎፕስ፣ በኤስሬንጅና በአንዶያ የሚገኙት ጣቢያዎች ሥራቸው በጎብኚ ብዛት ላይ ያልተመሠረተ በመሆኑ ከ60 ዓመታት ያላነሰ ዕድሜ አስቆጥረዋል። የንግድ መንኮራኩሮች ተመልሰው ሲመጡ ለሳይንሱ ተጨማሪ አቅም እንደሚሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ምርምሩን በበጀት የሚደግፍ መንግሥት የራሱን የማስወንጨፊያ አቅም በንግድ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ከመተካቱ በፊት፣ አቅራቢው ነገ ሥራውን ቢያቆም ተመራማሪው በምን ይበርራል የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ እንደሚኖርበት የኒው ሼፐርድ መቆም አመላክቷል።